ቀለም የተቀባው ዐይን

ትራንዚስተር ገና አዲስ ነገር በነበረበት ዘመን፣ እንግሊዝ አገር ያሉ ሬዲዮ መገጣጠም የሚወዱ ወጣቶች ምላጭ ይዘው የትራንዚስተር ቀለም ይፍቁ ነበር። ለማያውቅ ሰው ሥራ የፈታ ልጅ ጨዋታ ይመስላል። ትራንዚስተሩ ሙላርድ የተባለው ኩባንያ የሚያወጣው ኦሲ 71 ነው፤ ትንሽ የብርጭቆ ብልቃጥ፣ ውስጡ የጀርመኒየም ቅንጣት፣ ውጭው በጥቁር ቀለም የተለበጠ፣ ከሥሩ 3 ቀጫጭን ሽቦዎች የወጡለት። ይኸው ኩባንያ ኦሲፒ 71 የሚባል ሌላ ዕቃም ይሸጥ ነበር። እሱ «ፎቶትራንዚስተር» ነው፤ ብርሃን ሲያርፍበት ብዙ ከረንት ያሳልፋል፤ ዋጋውም ከወንድሙ በብዙ ይበልጣል። ታዲያ ልጆቹ ምን ደረሱበት? የርካሹ ጥቁር ቀለም ሲፋቅ የውዱን ሥራ ይሠራል!

ይህችን ነገር ይዘን ወደ ኋላ ልንሄድ ነው (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እንጽፋለን)። ጥያቄያችን አጭር ነው፦ ብርሃን ማየት ለትራንዚስተርና ለዳዮድ ኋላ የተጨመረላቸው ሙያ ነው ወይስ አብሯቸው የተወለደ?

ጥያቄው የቅንጦት እንዳይመስልብን። የላቦራቶሪ መመሪያው ወረቀት «አንድ ፎቶዳዮድ» ይላል፤ ዕቃ ግምጃ ቤቱ «የለም» ይላል፤ ሙከራው ይዘለላል፤ ውጤቱም ከመጽሐፉ ይገለበጣል። ስንቶቻችን ነን እንዲህ ያለፍነው? እዚያው ጠረጴዛ ሥር ግን በካርቶን የታጨቀ ተራ ዳዮድ፣ የተቃጠለ የሬዲዮ ሰሌዳ፣ የተነቀለ የኃይል ትራንዚስተርና ማብራት ያቆመ ጌጥ መብራት ተኝቷል። ካርቶኑ ውስጥ ፎቶዳዮድ አለ ወይስ የለም? መልሱ ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው አይገኝም፤ ከታሪኩ ግን ይገኛል።

በቅድሚያ ስለ ነገሩ ባሕርይ ጥቂት እንበል። ሴሚኮንዳክተር፣ በአማርኛችን ከፊል አስተላላፊ ልንለው የምንችለው፣ በጨለማና በብርድ ጊዜ ኤሌክትሮኖቹን ጨብጦ የሚይዝ ነገር ነው። ኤሌክትሮኑን ከእስሩ ለማስለቀቅ የተወሰነ ጉልበት ይጠይቃል፤ ለሲሊከን 1.1 ኤሌክትሮንቮልት፣ ለጀርመኒየም 0.67 ገደማ። ዐይናችን የሚያየው ብርሃን እያንዳንዱ ፎቶን ከ1.7 እስከ 3 ኤሌክትሮንቮልት ግድም ይዞ ይመጣል። ሒሳቡን ማንም ያውቀዋል፦ ብርሃኑ ከሚፈለገው በላይ ጉልበት አለው። እንግዲህ ብርሃን ባረፈ ቁጥር ኤሌክትሮን ይፈታል፤ ቦታውም ባዶ ይቀራል። ዳዮድና ትራንዚስተር ውስጥ ደግሞ ሁለት ዓይነት ቁስ የሚገናኝበት መጋጠሚያ አለ። መጋጠሚያው እንደ ተዳፋት ነው፤ የተፈታውን ኤሌክትሮን ወደ አንድ ወገን፣ ባዶውን ቦታ ወደ ሌላው ወገን ያንሸራትታል። ይኸ ነው ከረንቱ። ሌላ ተአምር የለበትም። የፀሐይ ሴልም ቢሆን በትልቁ የተነጠፈ ዳዮድ ነው እንጂ የተለየ ፍጡር አይደለም።

ታሪኩ ግን ከዚህ ማብራሪያ ጋር አብሮ አልመጣም። በ1839 ኤድመንድ ቤከረል የተባለ የ19 ዓመት ፈረንሳዊ በአባቱ ላቦራቶሪ ውስጥ፣ ፈሳሽ ውስጥ የተነከሩ የብረት ቅጠሎች ብርሃን ሲያገኛቸው ኤሌክትሪክ እንደሚሰጡ አየ። የዕድሜ ጓደኛችን ነው። ከዚያ በኋላ ጉዳዩ ለ34 ዓመት ያህል ተኛ ማለት ይቻላል፤ የቀሰቀሰውም ሊቅ ሳይሆን የቴሌግራፍ ሥራ ነው።

ዊሎቢ ስሚዝ የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ ባሕር ውስጥ የሚዘረጋ የቴሌግራፍ ገመድ የሚፈትሽበት መሣሪያ ያዘጋጅ ነበር። ለመለኪያው ከፍተኛ የኤሌክትሪክ ተቃውሞ ያለው ነገር ስለፈለገ የሴሌኒየም ዘንግ መረጠ። ሴሌኒየሙ ግን አስቸገረ፤ ዛሬ የሰጠውን ቁጥር ነገ አይደግመውም። ረዳቱ ጆሴፍ ሜይ ምክንያቱን ደረሰበት፦ የሣጥኑ ክዳን ሲከፈት ተቃውሞው ይቀንሳል፤ ሲዘጋ ይጨምራል። ስሚዝ ይህን በ1873 በደብዳቤ አሳወቀ፤ ኔቸር በተባለው መጽሔትም ታተመ። ልብ በሉ! ሴሌኒየሙ የተፈለገው ለሌላ ሥራ ነው፤ ብርሃን ማየቱ የተቆጠረውም እንደ ጉድለት ነው። የመጀመሪያው ብርሃን ጠቋሚ ሴሚኮንዳክተር ወደ ዓለም የገባው «የተበላሸ ሬዚስተር» ተብሎ ነው ብንል አናጋንንም።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ፈጠነ። በ1876 አዳምስና ዴይ ሴሌኒየም ባትሪ ሳይኖር በብርሃን ብቻ ከረንት እንደሚያመነጭ አሳዩ። በ1880 የቴሌፎኑ አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ከረዳቱ ከቴይንተር ጋር ሆኖ በዋሽንግተን ከተማ ድምፅን በፀሐይ ጨረር ላይ ጭኖ 213 ሜትር ላከ፤ ተቀባዩ ሴሌኒየም ነበር። በ1883 ገደማ ቻርልስ ፍሪትስ በሴሌኒየም ላይ ስስ ወርቅ ለብጦ የመጀመሪያውን የፀሐይ ሴል ሠራ። ከመቶው ብርሃን አንዱን እጅ ያህል ብቻ ነበር ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው።

ካልካታ ላይ ቆም ማለት አለብን። ጃጋዲሽ ቻንድራ ቦስ በፕሬዚደንሲ ኮሌጅ ያስተምር ነበር። ደህና ላቦራቶሪ አልነበረውም፤ መሣሪያዎቹን በሠፈሩ ቆርቆሮ ሠሪ እያሠራ ነው ያን ሁሉ ምርምር ያደረገው። ጋሌና የሚባለውን የእርሳስ ማዕድን ቁራጭ ይዞ የሬዲዮ ሞገድ መቀበያ አደረገው፤ በ1901 ማመልከቻ አስገብቶ በ1904 የአሜሪካ የፈጠራ መብት ተሰጠው። በዚያ ወረቀት ላይ መሣሪያው ለሬዲዮ ሞገድ ብቻ ሳይሆን ለብርሃንም እንደሚሠራ አስፍሯል። ለቦስ ሬዲዮና ብርሃን ሁለት ጉዳይ አልነበሩም፤ አንዱ ድንጋይ ሁለቱንም ያያል። ከሱ በኋላ የመጡት ግን ድንጋዩን ለሁለት ከፈሉት፤ አንዱ «ሬዲዮ መቀበያ» ሌላው «ብርሃን መቀበያ» ተባለ። የስም ክፍፍሉ የገበያ እንጂ የተፈጥሮ አለመሆኑን ከዚህ እንይዛለን።

አሁን ወደ ዋናው ታሪክ ደረስን። በ1930ዎቹ መጨረሻ ራስል ኦል የተባለ የቤል ላቦራቶሪ ተመራማሪ በኒው ጀርሲ ሲሊከን ያጠና ነበር። የሚፈልገው የፀሐይ ሴል አይደለም። የራዲዮ ቱቦዎች በጣም አጫጭር ሞገዶችን መያዝ ስላቃታቸው፣ ወደ ጥንቱ የድንጋይ መቀበያ ተመልሶ፣ ሲሊከንን እጅግ አጥርቶ ቢሞክረውስ ብሎ ነው። በየካቲት 1940 መሐሉ ላይ የተሰነጠቀ የሚመስል አንድ ዘንግ ገጠመው። ሲለካው ቁጥሩ አልረጋ አለ። ብርሃን ሲያርፍበት ከረንቱ ይለወጣል፤ መብራት ሲያበሩበት ከዘንጉ ዳርና ዳር ግማሽ ቮልት ያህል ይገኛል። ሴሌኒየምን የሚያውቁ ሰዎች እንኳ ይኸን ያህል ቮልት ጠብቀው አያውቁም። በመጋቢት ወር ሙከራው ለዋልተር ብራተይን ሲታይ ያየውን ለማመን ከበደው።

ምክንያቱ ቆይቶ ተገለጠ። ሲሊከኑ ቀልጦ ሲረጋ ውስጡ የቀሩት ጥቃቅን ባዕድ ነገሮች በሁለት ወገን ተለያይተው ነበር። አንዱ ወገን የኤሌክትሮን ትርፍ ያለበት ሆነ፤ ሌላው የጎደለበት። «ፒ» እና «ኤን» የሚሉት ስሞች የተሰጡት ያኔ ነው። ስንጥቅ የመሰለው ነገር ሁለቱ የሚገናኙበት ድንበር ነበር፤ ዛሬ በየመማሪያ መጽሐፉ የፒ-ኤን መጋጠሚያ እያልን የምንሸመድደው። ኦል በ1941 ማመልከቻ አስገብቶ በ1946 የፈጠራ መብቱን አገኘ፤ ወረቀቱ ላይ የወጣለት ስም ብርሃን የሚሰማው የኤሌክትሪክ መሣሪያ የሚል ነው።

እስቲ ዓመታቱን እናስተያያቸው። ኦል መጋጠሚያውን በብርሃን ያገኘው በ1940 ነው። ባርዲንና ብራተይን ትራንዚስተሩን የሠሩት በታኅሣሥ 1947። እንግዲህ ዐይኑ ከትራንዚስተሩ በ7 ዓመት ይቀድማል! ብርሃኑ ባይኖር መጋጠሚያው መኖሩ ያኔ አይታወቅም ነበር። ትምህርት ቤት ግን በግልባጩ ነው የተማርነው፦ መጀመሪያ ዳዮድ፣ ቀጥሎ ትራንዚስተር፣ በመጨረሻው ምዕራፍ፣ ጊዜ ከተረፈ፣ «ልዩ ልዩ ዳዮዶች» በሚል ርእስ ሥር ፎቶዳዮድ። ያቺ ምዕራፍ ደግሞ ጊዜ ተርፎላት አያውቅም።

በሚያዝያ 1954 እዚያው ቤል ላቦራቶሪ ቻፒን፣ ፉለርና ፒርሰን የሲሊከን የፀሐይ ሴል ለሕዝብ አሳዩ፤ ከመቶ 6 ያህሉን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ። ከመነሻው ቻፒን የተሰጠው ሥራ፣ በሞቃትና ርጥበት በበዛባቸው አገሮች ባትሪ ቶሎ እየተበላሸ ለሚያስቸግረው የቴሌፎን መሣሪያ ሌላ የኃይል ምንጭ መፈለግ ነበር። በሴሌኒየም ሞክሮ አልሆነለትም። ፒርሰንና ፉለር ግን ለሌላ ጉዳይ የሠሩትን ሲሊከን ብርሃን ላይ ሲያደርጉት ከሴሌኒየሙ እጅግ በልጦ ተገኘ። እዚህም «ለሌላ ጉዳይ» የምትለዋ ቃል ተመልሳ መጣች። በመጋቢት 1958 ቫንጋርድ 1 የተባለችው ሳተላይት 6 የፀሐይ ሴሎች ይዛ ወጣች፤ ባትሪዋ ሲያልቅ ሴሎቹ እስከ 1964 ድረስ ድምፅዋን ሲያሰሙ ቆዩ።

አሁን ወደ ጥቁሩ ቀለም እንመለስ። ኩባንያው ኦሲ 71ን ጥቁር የቀባው ተንኮል አስቦ ነው ብለን አንከስም። ሬዲዮ ውስጥ የገባ ትራንዚስተር መስኮት በተከፈተ ቁጥር ጠባዩ ቢለዋወጥ ማን ይገዛዋል? ብርሃን ኮሌክተሩና ቤዙ በሚገናኙበት መጋጠሚያ ላይ የሚፈጥራት ትንሽ ከረንት ልክ በቤዝ እንደገባች ትቆጠራለች፤ ትራንዚስተሩም በራሱ ብዜት፣ በአሥሮች እጥፍ፣ ያጎላታል። ለማጉያ የተሠራ ዕቃ ያልተጠራውንም እንግዳ አብሮ ያጎላል ማለት ነው። ስለዚህ ዐይኑን መሸፈን ግድ ነበር። የሚያስቀው ሽፋኑን አውልቆ በውድ ዋጋ መሸጡ ነው። በእርግጥ ኦሲፒ 71 ተመርጦና ተለክቶ የሚወጣ ነው፤ የተፋቀው ግን እንደ ዕድሉ ነው፤ አንዱ ንቁ፣ ሌላው ፈዛዛ። ቢሆንም የትምህርት ቤት ደወል ለማስጮኽ ወይም ሲመሽ መብራት ለማብራት ፈዛዛውም ይበቃል።

ኋላ ላይ የመጡት ኦሲ 71ዎች ውስጣቸው ብርሃን በማያሳልፍ ቅባት እየተሞላ መጣ። ቀለሙ ቢፋቅም ከሥሩ ሌላ መጋረጃ! ለልጆቹ ሲባል ሆን ተብሎ የተደረገ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ወሬው ጣፋጭ ነው፤ እኛ ግን በወሬ ላይ ፍርድ አንሰጥም። የጀርመኒየምን ጠባይ ግን መናገር አለብን። ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በጨለማም የሚያፈሰው ከረንት እጥፍ ገደማ ይሆናል። የተፋቀውን ትራንዚስተር በጣቱ ይዞ «ብርሃን አየ» የሚል ሰው የገዛ ጣቱን ሙቀት እየለካ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በፒንሳ ይያዝ።

ብርጭቆ ያላቸው ሁሉ ቀለም አልተቀቡም። 1ኤን4148 የምትባለው ትንሽ የሲሊከን ዳዮድ፣ በየሰሌዳው የምትገኘው፣ ጥርት ያለ ብርጭቆ ለብሳ ነው የምትመጣው። በጣም ስስ በሆነ ማጉያ ውስጥ ስትገባና መብራት ሲበራባት የማይታወቅ እዝዝታ ይሰማል፤ 50 ሄርዝ መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ስለሚፈካና ስለሚደበዝዝ ዳዮዷ ያንን «ታነባለች»። ጠጋኙ ሽቦ ሲፈታ፣ ካፓሲተር ሲቀይር ይውላል፤ መድኃኒቱ ግን ጥቁር ጨርቅ ጣል ማድረግ ነበር።

የብረት ቆብ የለበሱትስ? እዚህ ላይ 2ኤን3055 የሚባለው የኃይል ትራንዚስተር ስመ ጥር ነው። አርሲኤ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ያወጣው ሲሆን በማጉያና በኃይል ማከፋፈያ ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ነግሦ ኖሯል። ሲቃጠል ይጣላል። በብረት መጋዝ ወይም በሞረድ ቆቡ ተቆርጦ ሲነሣ፣ መሐሉ ላይ ጎኑ ጥቂት ሚሊሜትር የሆነ የሲሊከን ቅጠል ይታያል። ፀሐይ ላይ አድርጎ ቤዙንና ኮሌክተሩን በቴስተር መለካት ነው፤ ግማሽ ቮልት ያህል ይሰጣል፤ ከረንቱ ጥቂት ሚሊ አምፔር ነው። ኤሚተሩ የተቃጠለ ትራንዚስተር እንኳ ያ መጋጠሚያ ጤነኛ ከሆነ ይሠራል። ለመጀመሪያ ጊዜ መርፌው ሲነሣ ማየት፣ እውነቱን ለመናገር፣ መጽሐፍ ከመሸምደድ ይሻላል።

ነገር ግን ራሳችንን አናታል። ጎኑ 4 ሚሊሜትር ነው እንበል፤ ስፋቱ 0.16 ካሬ ሴንቲሜትር። የቀትር ፀሐይ በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ 100 ሚሊ ዋት ገደማ ያወርዳል፤ ለኛ ቅጠል የሚደርሰው 16 ሚሊ ዋት ነው። ከመቶ 6 እጅ ቢለወጥ፣ የ1954ቱን የቤል ሴል ያህል ጎበዝ ሆነ ብለን ስናከብረው፣ አንድ ሚሊ ዋት ይወጣል። 5 ዋት የሚፈልግ የስልክ ቻርጀር ለማንቀሳቀስ 5,000 የተቆረጡ ትራንዚስተሮች ያስፈልጋሉ ማለት ነው! አንድ ሰው ኃይል ከፈለገ የተሠራውን የፀሐይ ሰሌዳ ይግዛ፤ ዛሬ ዋጋው ወርዷል። የተቆረጠው ትራንዚስተር ዋጋው በጠቋሚነቱ ነው፦ ብርሃን አለ፣ የለም፤ በዛ፣ አነሰ። አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያም አለ። ለከፍተኛ ፍሪክዌንሲ የተሠሩ አንዳንድ የኃይል ትራንዚስተሮች ውስጥ ቤሪሊየም ኦክሳይድ የሚባል ነጭ ሸክላ መሰል ነገር አለ፤ ብናኙ ሳንባን የማይድን በሽታ ላይ ይጥላል። ምንነቱ ያልታወቀ የማሠራጫ ትራንዚስተር በፍጹም አይቆረጥም።

ስለ ሜሞሪ ቺፕ የሚነገረው ታሪክ ለተማሪ የተለየ ጣዕም አለው። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሃሪ ጋርላንድና ሮጀር ሜለን የሚባሉ ሁለት የዶክትሬት ተማሪዎች ነበሩ። ከቴሪ ዎከር ጋር ሆነው በየካቲት 1975 ፖፑላር ኤሌክትሮኒክስ በተባለው መጽሔት ላይ «ሳይክሎፕስ» የተሰኘ ካሜራ አወጡ። የካሜራው ዐይን ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ተራ የኮምፒዩተር ሜሞሪ ቺፕ! ክዳኑ ተነሥቶ በብርጭቆ ተተካ። ያ ሜሞሪ 1,024 ቤቶች አሉት፤ 32 በ32። እያንዳንዷ ቤት ጥቂት የኤሌክትሪክ ጭነት የምትይዝ እንስራ ናት። ሁሉንም መሙላት፣ በሌንስ ምስል ማሳረፍ፣ ጥቂት መጠበቅ፣ ከዚያ ማንበብ፤ ብርሃን የበዛባት ቤት ቶሎ ትፈሳለች፣ ጨለማ ያለባት ትቆያለች። የባዶና የሙሉ ቤቶች ሰሌዳ ምስል ሆነ። ሁለቱ ተማሪዎች ላቋቋሙት ኩባንያ ያወጡት ስም ክሮሜምኮ ነው፤ ይኖሩበት ከነበረው ክሮዘርስ ሜሞሪያል ከሚባለው የተማሪዎች ማደሪያ የተወሰደ። በዶርም ስም ኩባንያ መሰየም! (የኛን ሕንፃዎች ስም እያስታወሳችሁ እንዳትስቁ።)

ከነሱ 4 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1971፣ ዶቭ ፍሮማን በኢንቴል የሠራው ሜሞሪ ደግሞ ራሱ ጀርባው ላይ የመስታወት መስኮት ነበረው፤ አልትራቫዮሌት ብርሃን ሲያርፍበት የተጻፈው ይጠፋል። ስለዚህ ተጠቃሚው መስኮቱ ላይ ወረቀት ይለጥፍበታል፤ ያው የቀለሙ ዘመድ። ፍሮማን ከዚያ ወዲያ ኢንቴልን ለጊዜው ትቶ ወደ ጋና ሄዶ ኩማሲ ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪካል ምሕንድስና አስተምሯል።

ዐይኑ ተከድኖ የተረሳበት ዘመን ሲመጣ ምን ይሆናል? በየካቲት 2015 ራስበሪ ፓይ 2 የተባለችው ትንሽ የመማሪያ ኮምፒዩተር ገበያ ወጣች። ብዙም ሳይቆይ ፎቶ ያነሷት ሰዎች አንድ ጉድ አዩ፦ የካሜራው ፍላሽ ብልጭ ሲል ኮምፒዩተሯ ትጠፋለች። ኃይል የሚያስተካክለው አንድ ቺፕ ቦታ ለመቆጠብ ሲባል ያለ ጥቁር ፕላስቲክ ልብስ፣ ሲሊከኑ እንደተጋለጠ ነበር የተገጠመው። ብልጭታው ውስጡ ከረንት አስነሥቶ ሥራውን አዛባው። መፍትሔው ሊጥ መሰል ማጣበቂያ በላዩ መድፋት ሆነ። ኦሲ 71 ምን እንደነበረ የሚያውቅ ሽማግሌ ጠጋኝ ቢኖር ኖሮ ገና ከጅምሩ ይነግራቸው ነበር።

እስካሁን ያነሣናቸው ሁሉ የእውነተኛው ዕቃ ምትክ ናቸው፤ ከእውነተኛው ያንሳሉ። አሁን የምንናገረው ግን ምትኩ እውነተኛውን የበለጠበትን ነው።

ኒክ ሆሎንያክ በ1962 በጄኔራል ኤሌክትሪክ የሚታይ ቀይ ብርሃን የሚሰጥ ዳዮድ ሠራ፤ ኤል.ኢ.ዲ. የምንለውን። ይኸ ዕቃ ከረንት ሰጥተውት ብርሃን ያወጣል። ብርሃን ቢሰጡትስ? ዳዮድ ነውና ከረንት ያወጣል። ፎረስት ሚምስ የሚባል አሜሪካዊ የኤሌክትሮኒክስ ጸሐፊ ይህን በ1970ዎቹ ደጋግሞ አሳየ፤ በአንድ ቀጭን የብርሃን ገመድ ሁለት ጫፍ ላይ አንዳንድ ኤል.ኢ.ዲ. ብቻ አድርጎ፣ ያው ኤል.ኢ.ዲ. አንዴ አፍ አንዴ ጆሮ እየሆነ፣ መነጋገር እንደሚቻል። ሚምስ በ1969 በአልቡከርኪ ኤም.አይ.ቲ.ኤስ. የተባለውን ኩባንያ ከመሠረቱት አንዱ ነው፤ በሳይንስ ዲግሪ የለውም። ይህን የምንለው ለማሞገስ ሳይሆን፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ነገር ለመመዘን ስለሚረዳ ነው።

የከባቢ አየርን ጭጋግ፣ አቧራና ጢስ ለመለካት ፀሐይን በተወሰነ ቀለም ብቻ ማየት ያስፈልጋል። ተራ ፎቶዳዮድ ቀለም አይመርጥም፤ ከአልትራቫዮሌት እስከ ኢንፍራሬድ የመጣውን ሁሉ ይውጣል። ስለዚህ በፊቱ አንድ ቀለም ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያ ይደረግለታል፤ ማጣሪያው ውድ ነው፤ ርጥበት ሲያገኘው ደግሞ እየተበላሸ ቁጥሩን ያስታል። ኤል.ኢ.ዲ. ግን በተፈጥሮው ጠባብ ነው። ከራሱ ቀለም ጋር እኩል የሆነውንና በሞገድ ርዝመት ጥቂት የሚያንሰውን ብቻ ያያል። አረንጓዴው ቀዩን አያይም። ማጣሪያው አብሮት ተወልዷል! ለመብራትነት የተሠራ፣ በሳንቲም የሚገዛ ዕቃ፣ ለፀሐይ መለኪያነት ከውዱ መሣሪያ ይልቅ የጸና ሆኖ ተገኘ።

ሚምስ በየካቲት 1990 ቴክሳስ ውስጥ በቀትር ግድም ፀሐይን በኤል.ኢ.ዲ. መለካት ጀመረ። በ1992 ዘዴውን አፕላይድ ኦፕቲክስ በተባለው የሙያ መጽሔት አሳተመ። በ1991 ፊሊፒንስ ውስጥ የፒናቱቦ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አመዱና ጋዙ ዓለምን ሲዞር የቴክሳሱ መለኪያም መዘገበው። መለካቱን አላቋረጠም፤ የ30 ዓመቱን መዝገብ፣ ከ1990 እስከ 2020 ያለውን፣ በ2022 የአሜሪካ የሜትዮሮሎጂ ማኅበር መጽሔት አወጣለት። ከ1995 ጀምሮ የዓለምን ተማሪዎች በአካባቢ ምርምር ያሳተፈው ግሎብ የሚባለው ፕሮግራምም አረንጓዴና ቀይ ኤል.ኢ.ዲ. ያለበት የፀሐይ መለኪያ ለትምህርት ቤቶች አዘጋጅቷል። እንግዲህ የአየር ጭጋግ መረጃ ሰብሳቢው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ፣ መሣሪያውም የጌጥ መብራት ዘመድ ሆነ።

በ2003 ደግሞ ማሳቹሴትስ ባለው የሚትሱቢሺ ምርምር ቤት ዲትዝ፣ ዬራዙኒስና ሊ የተባሉ ሰዎች ነገሩን ይበልጥ አቀለሉት። ኤል.ኢ.ዲ.ውን በግልባጭ ለቅጽበት ይሞሉታል፤ እንደ ትንሽ ካፓሲተር ጭነቱን ይይዛል፤ ብርሃን በበዛ መጠን ቶሎ ይፈስሳል። የሚለካው ጊዜው ብቻ ነው። ማጉያ የለ፣ ተጨማሪ ዕቃ የለ። በአንድ ርካሽ ማይክሮኮንትሮለር ሁለት እግር መብራቱ ራሱ ጠቋሚ ይሆናል። የሜሞሪውን ካሜራ ላስታወሰ ሰው ዘዴው እንግዳ አይደለም፤ እዚያም የተሞላው ሲፈስ ነበር የተነበበው።

ወደ ካርቶኑ እንግባ እንግዲህ። ልብሱ ያልተቀለመና የጠራ፣ አረንጓዴ ወይም ቀይ የሚያበራ ኤል.ኢ.ዲ. ይመረጥ፤ ነጩ ብዙ አይጠቅምም፤ ሰማያዊ ቺፕ በቢጫ ዱቄት ተሸፍኖ የተሠራ ነውና። በዲጂታል ቴስተር ቮልት ላይ አድርገው ወደ ፀሐይ ሲያዞሩት ከአንድ ቮልት በላይ ያሳያል፤ ደስ ይላል፤ ግን በዚህ ቁጥር መለካት አይቻልም። ብርሃኑ አሥር እጥፍ ሲጨምር ቮልቱ የሚጨምረው በጥቂቱ ነው፤ ደመና ሲመጣም የሚወርደው በጥቂቱ። ከብርሃኑ ጋር እኩል የሚሄደው ከረንቱ ነው። ስለዚህ ቴስተሩ በማይክሮ አምፔር ላይ ይደረግ፤ ኤል.ኢ.ዲ.ው ፀሐይን ብቻ እንጂ ሰማዩን በሙሉ እንዳያይ በጥቁር ቱቦ ውስጥ ይግባ፤ ቱቦው በጥላው ይነጣጠር እንጂ ማንም በዐይኑ ወደ ፀሐይ አያነጣጥር። ሰዓቱ፣ ቀኑና ቁጥሩ በደብተር ይጻፉ፤ ኤል.ኢ.ዲ.ው ያው አንዱ ይሁን፤ በየቀኑ አይቀያየር።